ለጉብኝት የሄድን ለቀስተኞች

የእኛ ሰው መንገድ ሲወጣ ምክንያት አያጣም። ገበያ አለ፣ ሙግት አለ፣ ክርስትና አለ፣ ስለት አለ፤ ከሁሉም በላይ ለቅሶ አለ። አዲስ ለቅሶ ባይኖር እንኳ የቆየ ለቅሶ አይጠፋም፤ ሳይደረስ የከረመ፣ «ሳልሰማ ቀርቼ ነው» ተብሎ ይቅርታ የሚጠየቅበት። ምክንያት የሌለው መንገድ ግን አባቶቻችን አያውቁም ነበር። ዝም ብሎ ለማየት መሄድ፣ አይቶም ዝም ብሎ መመለስ እንኳን ለሰው ለበቅሎም አይገባትም። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሰበታ ውስጥ ሰዎች ነጭ ለብሰው በማለዳ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ያየ ሁሉ ሌላ ነገር አይጠይቅም። «ማን ሞተ?» ይላል። እናንተም ብትሆኑ ይኸንኑ ነበር የምትሉት፤ አትፍረዱ።

የዚያን ለት ጠዋትም ተጠየቅን። ጥምቀት አልፏል፤ የጥር ውርጭ ሜዳውን እንደ ጨው አንጥቶታል። ወተት ይዛ ወደ ገበያ የምትወርድ ሴት ከአውቶቡሱ አጠገብ ቆም ብላ አየችንና ማን እንደሞተብን ጠየቀች። ሳቅን። ሾፌሩ ማንም እንዳልሞተ፣ በረሃ ልናይ እንደምንሄድ ነገራት። ሴትዮዋ ራሷን ነቅንቃ መንገዷን ቀጠለች። በረሃ ምኑ ይታያል ብላ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ መንግሥት ከመተሐራ ወዲያ ያለውን የአዋሽ በረሃ ብሔራዊ ፓርክ ብሎ ከከለለው ብዙም አልቆየም። ራዲዮኑ ስለ አራዊቱ ያወራል፤ ፈረንጆች ካሜራ አንግተው ይወርዳሉ። እኔ ሰበታ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበርና፣ አንድ ቀን የመድኃኔዓለም ማኅበራችን ላይ ጠላ ሞቅ ሲያደርገኝ «እኛስ ለምን ሄደን አናየውም?» አልኩ። ማኅበሩ ሳቀብኝ። አንዱ ገበሬ ጅብ ለማየት ከሆነ እሱ ደጃፉ ድረስ እንደሚመጣለት፣ መጥቶም በግ ሳይወስድ እንደማይመለስ አስረዳኝ። ሌላው ደግሞ ሰው በሞቀ ቤቱ ሳለ ወባ ፍለጋ ቆላ ወረደ ሲባል ሰምቶ እንደማያውቅ ተናገረ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃው፣ ባላምባራስ አየለ ነበሩ፤ ከመንዝ መጥተው አቡጀዲ በመነገድ ሰበታ ላይ የከበሩ፣ ቁራሽ ከእጃቸው የማይወጣ ሰው። እሳቸውም «አስተማሪ ሲጠጣ እንዲህ ነው» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ነበር።

ያዳነኝ ኦቦ ዲንሳ ነው። «የኔ በቀለ እኮ እዚያ ነው ያለው» አለ።

በቃ፤ ምክንያት ተገኘ። ዘመድ ጥየቃ ከሆነ ማን ሰው ይቀራል!

በቀለ የኦቦ ዲንሳና የአዴ ወርቄ አንድ ልጅ ነው። እኔው አስተምሬዋለሁ። ካርታ ላይ ሰበታን ፈልግ ሲባል ሰበታን ትቶ ሩቅ ሩቁን የሚያይ ልጅ ነበር። ፓርኩ ዘበኛ ሲቀጥር ሄዶ ተመዘገበና በመስቀል ካኪውን ለብሶ መጣ። ቤተ ዘመዱ ተሰበሰበ። አባትየው ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠይቁት አራዊቱን ከሰው መጠበቅ ነው አላቸው። ኦቦ ዲንሳ ካኪውን በጣታቸው ዳሰሱ። «እኛ ዕድሜ ልካችንን ሰብሉን ከአውሬ ስንጠብቅ ኖርን፤ አንተ ደግሞ አውሬውን ከኛ ልትጠብቅ ደመወዝ ይቆረጥልሃል። ጎሽ፤ ቤታችን ከሁለቱም ወገን ይብላ» አሉ። (ቀደም ሲል «አለ» ብያቸው ነበር፤ ማኅበር ላይ ሰው ሁሉ እኩል ነውና አትታዘቡኝ። ከዚህ ወዲያ ግን እንደ ዕድሜያቸው ነው የምጠራቸው።)

ኦቦ ዲንሳን ሰበታ ብቻ ሳይሆን ቡራዩና ሱሉልታም ያውቃቸዋል። የሚያውቃቸው በእርሻቸው አይደለም፤ በመርዶ ነው። ሰው በሩቅ አገር ሞቶ ወሬው ለሰፈሩ ሲደርስ፣ ከቤተሰቡ ተሸሽጎ መጀመሪያ የሚነገረው ለእሳቸው ነበር። የቀረውን እሳቸው ያውቃሉ። መርዶ በመንገድ አይነገርም። በሰው አገር አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ሰው ባለበት ሳይሆን በገዛ ቤቱ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ወገኑ በዙሪያው ቆሞ ይነገረዋል። ከዋዜማው በሰበብ አስባብ ተጋብዞ ጠግቦ እንዲበላ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ለስንት ቀን እህል እንደማያይ ማን ያውቃል! ሲነገረውም በቀኙ በኩል የሚይዘው ብርቱ ሰው ይቆማል። ይህን ሁሉ ኦቦ ዲንሳ በኦሮምኛም በአማርኛም አድርገውታል። እሳቸው ያረዱት ሰው አብዶ ወይም ገደል ገብቶ አያውቅም ይባላል። አንድ ክፋት ብቻ ነበረው፤ በማለዳ በር ላይ ከታዩ ሰው ገና «አካም ቡልታን፣ እንዴት አደራችሁ» ሳይሉት ይጮህ ነበር። ስለዚህ ቡና የሚጠራቸው ጎረቤት እንኳ ከሰዓት በኋላ እንዲመጡ ይለምናቸዋል።

እንግዲህ ወረድን። ደጋ ሰው ቆላ ሲወርድ ማየት ራሱ አንድ ትርኢት ነው። ከሰበታ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን ተነሣን። ደብረ ዘይት ላይ አንደኛው ጋቢ ወለቀ፤ ናዝሬት ላይ ሁለተኛውና ኮቱ። መተሐራ ስንደርስ ባላምባራስ አየለ በሸሚዝ ቀርተው ነበር፤ ማዕረጋቸውም አብሮ ሊወልቅ ምንም አልቀረው። ምንም ያላወለቁት አዴ ወርቄ ብቻ ናቸው። አንዲት አገልግል ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን ከክዳኗ ላይ ሳያነሡ ያን ሁሉ አገር አለፉ። አገልግሏ ውስጥ ጭኮ ነበረ፤ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የታሸ። በቀለ ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚያ ሌላ ምግብ አለ ብሎ አያምንም ነበር አሉ። ከተማ ባየን ቁጥር ወደ እኔ ዞር ብለው «ደረስን ወይ መምህር?» ይሉኛል። የበቀለ አስተማሪ ስለነበርኩ እሱ ያለበትን ቦታ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስላቸውም።

ፓርኩ በር ላይ ደረስን። በር ማለት የግራር ግንድ በመንገዱ ላይ የተጋደመበት፣ አጠገቡ ቆርቆሮ ቤት ያለበት ነው። ባላምባራስ እንግድነታችንን ሊያስታውቁ ወረዱ፤ እኔም ጽሕፈት ያስፈልግ ይሆናል ብዬ ተከተልኳቸው። ከቆርቆሮ ቤቱ የወጣው ዘበኛ አሥር አለቃ ተሰማ የሚባል የቀድሞ ወታደር ነበር። ከሰበታ መምጣታችንን ስንነግረው ባርኔጣውን አወለቀ።

«የላክነው ሰው ደረሰላችኋ» አለን። «እግዜር ያጥናችሁ።»

ባላምባራስ ምን ያለ ሰው ብለው ጠየቁት። ሰውየው መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ አውቶቡሱን አየ። ያኔ ምንም እንዳልሰማን ገባውና አፉን በእጁ ያዘ። ቀስ እያለ ነገረን። በቀለን ወባ ጥሎት ነበር። ደጋ ያደገ ደም ነውና አልቻለውም፤ በከተራ ዕለት አረፈ። አንድ የባቡር ሠራተኛ ለሰበታ ሰዎች እንዲነግር አደራ ተብሎ ነበር፤ አደራው የት እንደቀረ እግዜር ይወቀው።

«ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለችው ማርያም ቀበርነው» አለ። «ጉድጓዱን ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ። ቅርብ ነው። ወላጆቹ ካሉ አሁኑኑ ይዘናቸው እንሂድ፤ ልጃቸውን ይሰናበቱት።»

ባላምባራስ ክንዱን ይዘው ከቆርቆሮ ቤቱ ጀርባ ወሰዱት። «አንተ ሰው፣ ወግ አታውቅም እንዴ?» አሉት። «እናትና አባት በበረሃ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዘመድ በሌለበት ይረዳሉ?»

«ጌታዬ፣ ወጉ ልክ ነው። መቃብሩ ግን ያለው እዚህ ነው።»

«መቃብር የትም አይሄድም። በደንቡ አገራቸው ይረዱና ኋላ መጥተው ያያሉ። አሁን ወደ ሥራ ወጥቷል በል።»

ወደ እኔ ዞሩ። እኔም የማኅበሩ ምሁር ነኝና አሰብኩ፤ አስቤም መቃብር የትም አይሄድም አልኩ። እናንተ በዚያ ቦታ ብትሆኑ ሌላ ነገር ትሉ ነበር? እናት ሃምሳ ሰው በተጨናነቀበት አውቶቡስ ውስጥ፣ እህቷ በሌለችበት፣ ወንድሟ በሌለበት ደረቷን ስትመታ ማን ያይላታል? ለመቶ ዓመት ሲሠራበት የኖረ ወግ ነው። ለመቶ ዓመት የተሠራበት ወግ ግን ልጅ የሚሞተው ወላጁ ከደረሰበት ቦታ ሩቅ ነው ብሎ የተሠራ ነው። ወላጅ መቃብሩ አጠገብ ድረስ ለሽርሽር ይመጣል ብሎ ያሰበ አባት አልነበረም።

አሥር አለቃው አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ መንገድ መሪ ሆነልን። በቀለ ከፈንታሌ ተራራ ጀርባ ለቅኝት እንደወጣ፣ ዛሬ እንደማይመለስ ተናገረ። አዴ ወርቄ ፊታቸው ጥቁር አለ፤ ወዲያው ግን በመንግሥት ሥራ እንደማይፈረድ ለራሳቸው ነግረው ተጽናኑ። ከዚያ አሥር አለቃውን አጠገባቸው አስቀመጡና ይጠይቁት ጀመር። ደህና ይበላል ወይ? ማታ ማታ ይለብሳል ወይ? እዚህ ሴት አይቶ ይሆን? ሰውየው ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ነው፤ እንደዚያ ያላበው ግን በሙቀቱ ብቻ አይደለም።

ወሬው ከመቀመጫ ወደ መቀመጫ ተሻገረ። ማን ለማን እንደነገረ አላየሁም፤ ያወቀውን ሰው ግን ከፊቱ ትለያላችሁ። ከሰበታ ጀምሮ ሲዘፍን የመጣው ፀጉር አስተካካይ ድንገት ዘፈኑን አቋረጠ። አንዲት ሴት አቧራ ዓይኗ ገባ። ቀጥሎ የጎረቤቷ ዓይን ገባ። ነፋስ በሌለበት ቀትር የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ አቧራ ዓይኑ ገባ።

ሳላዎቹን ያየናቸው ያኔ ነው። የሳላ ቀንድ እንደ ጦር ቀጥ ያለ ነው፤ ፊቱ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ይመስላል። መንጋው ከመንገዱ ዳር ቆሞ አየን። አዴ ወርቄ ከመስኮቱ ብቅ ብለው ልጃቸው የሚጠብቀው እነዚህን እንደሆነ ጠየቁ። አሥር አለቃው አዎ ሲላቸው ፊታቸው በራ። እጃቸውን አውጥተው «አካም ጅርቱ?» ብለው ሰላምታ ሰጧቸው፤ የልጃቸው ባልንጀሮች ናቸዋ። በሌላ ቀን ቢሆን ለዓመት የምንስቅበት ነበር።

ምሳ የበላነው ከአዋሽ ፏፏቴ አጠገብ፣ ግራር ሥር ነው። እዚህ ላይ ባላምባራስ አየለን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ዶሮ ሲሠራ እንቁላሉን ለራሳቸው የሚያስቀሩት ባላምባራስ፣ ከጥብሱ ጮማ ጮማውን መርጠው፣ በእንጀራ ጠቅልለው ለኦቦ ዲንሳ አጎረሷቸው። አንዱን ሳይውጡ ሁለተኛውን አስከተሉ። «ኧረ ይብሉ፣ ኧረ በሞቴ» ይላሉ። ፀጉር አስተካካዩ ጠጅ ቀዳላቸው። እኔም አላፍርም፤ የእኔን ድርሻ ወደሳቸው ገፋሁ።

ኦቦ ዲንሳ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለረጅም ጊዜ አኘኩ። ሁላችንንም በየተራ አዩን። ከዚያ ራቅ ብለው ከሴቶቹ ጋር የተቀመጡትን ባለቤታቸውን አዩ። ሁለተኛውን ጉርሻ ተቀብለው ዋጡ፤ ሦስተኛውንም አልመለሱም። ከዚያ በኋላ ቀልድ ጀመሩ። ባላምባራስ እንዲህ ደግ የሆኑት ቆላ ቅቤያቸውን ስላቀለጠው ነው አሉ። ሰው ሳቀ፤ እፎይ ብሎ ነው የሳቀው። አላወቁም ብለን ተጽናናን።

ከምሳ በኋላ ወንዙን ቆመው ሲያዩ አጠገባቸው ሄድኩ። ዝም ማለት ስላቃተኝ አስተማሪነቴ መጣብኝ። አዋሽ ከእኛው አገር ከሰበታ ጀርባ ካለው ደጋ እንደሚነሣ፣ ግን እንደሌሎቹ ወንዞች ባሕር እንደማይደርስ ነገርኳቸው።

«ታዲያ የት ይደርሳል?»

«በረሃ ውስጥ ይቀራል።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምላሴን ብነክሰው ወደድኩ። ኦቦ ዲንሳ ግን ውሃውን እያዩ «እህ» ብቻ አሉ።

ስንመለስ አንድ ከፍታ ላይ አውቶቡሱ ውሃ እንዲጨመርለት ቆመ። ከሜዳው ወዲያ፣ በባቡሩ ጣቢያ በኩል አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ያብለጨልጫል። ኦቦ ዲንሳ ወርደው አሥር አለቃውን የማን ቤተ ክርስቲያን እንደሆነች ጠየቁት። የማርያም መሆኗን ነገራቸው፤ ዓይናቸውን ግን አላየም። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደዚያ እጅ ነሡ። ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ይሳለማል፤ ማንም ጉዳዬ አላለውም። ሌላው ሰው ውሃውን ቀድቶ፣ ጎማውን አይቶ፣ ሽንቱን ሸንቶ ሲመለስ ግን እሳቸው ገና እንዳጎነበሱ ነበሩ። አሥር አለቃውም ባርኔጣውን ይዞ ከጀርባቸው ቆሟል።

በሩ ላይ ስንሰነባበት አዴ ወርቄ አገልግሏን ለአሥር አለቃው ሰጡት። «ለልጄ ስጥልኝ። አገልግሏን እንዳይጥላት በለው፤ የእህቴ ናት» አሉት። ሰውየው በሁለት እጁ ተቀበለ። «ነይ ግቢ፣ ይመሻል» ብለው ኦቦ ዲንሳ ባለቤታቸውን ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው።

መርዶው ለሰኞ ጠዋት ተቀጠረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባላምባራስ ቤት ተሰብስበን ዘመድ መጥራት እንዴት እንደሚቻል መከርን። የአዴ ወርቄ እህት ሱሉልታ ናቸው፤ ወንድማቸው ቡራዩ። ሰው ላክን። የላክናቸው ሁሉ ግን ባዶአቸውን ተመለሱ። የሱሉልታዋ እህት ከቤታቸው ወጥተዋል። የቡራዩውም ወንድም በበቅሎ ሲያልፍ ታይቷል። ሁለቱንም ያስጠሯቸው ኦቦ ዲንሳ ናቸው፤ በድንበር ጉዳይ ሽምግልና አለብኝ ብለው።

ባላምባራስ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሰበታ ውስጥ ዘመድ በዋዜማው መጥራት የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሄድን። በሩ ተከፍቶ ነበር። እሳቱ ጠፍቷል። እህትየዋ ከአዴ ወርቄ በስተግራ፣ ወንድምየው ከኋላ ቆመዋል፤ ኦቦ ዲንሳ ራሳቸው በቀኛቸው በኩል ነበሩ። አዴ ወርቄ ይህን ሁሉ ሰው እያዩ ምን እንደሆነ ባለቤታቸውን ጠየቁ። ባላምባራስ አፋቸውን ከፍተው አልወጣ አላቸው። ኦቦ ዲንሳ ጠበቁ፤ አሁንም ጠበቁ። በመጨረሻ የሚስታቸውን ክንድ ጠበቅ አድርገው ይዘው በገዛ ቋንቋቸው እሳቸው ተናገሩ። ብዙ መርዶ ሰምቻለሁ። የዚያን ለት የሰማሁትን ግን አልጽፈውም።

ከአርባው በኋላ አንድ ቀን እርሻቸው ዳር ተቀምጠን መቼ እንዳወቁ ጠየቅኋቸው።

«ባላምባራስ ሲያጎርሰኝ» አሉ። «ሰው ቢከፋብህ አትፍራ ልጄ። ድንገት ደግ ከሆነብህ ግን ቤተሰብህን ቁጠር። እኔ አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ ቆጠራው አላስቸገረኝም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? መቃብሩ እኮ እዚያ ነበር።»

«ወርቄን ማን ይይዝልኛል በበረሃ? እናንተ እንደሆናችሁ ምግብ ከማጉረስ በቀር አትችሉበትም።» ከእርሻው ሣር ነቅለው በጣታቸው አሹት። «አባትነቱን ለሌላ ቀን አቆየሁት። መቃብሩ የትም አይሄድም ብዬ።»

እንግዲህ ይህን ቃል ሦስት አስተዋይ ሰዎች ተናግረነዋል፤ አንድ ባላምባራስ፣ አንድ አስተማሪ፣ አንድ ሽማግሌ። ሦስታችንም ተሳስተናል።

በዓመቱ በጥር ለሙት ዓመቱ ተመልሰን ሄድን፤ ኦቦ ዲንሳ፣ አዴ ወርቄና እኔ። አሥር አለቃ ተሰማ ተዛውሮ ወደ ደቡብ ሄዷል፤ አድራሻውን የሚያውቅ የለም። የማርያም ቅጥር ግቢ ስንገባ የጠበቅነው አንድ መቃብር ነበር፤ ያገኘነው መዓት ነው። የባቡር ሠራተኛው፣ የጥጥ ለቃሚው፣ የመንገድ ቆፋሪው፣ ከየደጋው እንጀራ ፍለጋ ወርዶ ወባ የበላው ሁሉ እዚያ ተደርድሯል። ለካ ደጋው ልጆቹን የሚቀብርበት ሌላ አጥር ግቢ ኖሮታል፤ እኛ ካርታ ላይ አላስገባነውም እንጂ። የክረምቱ ጎርፍ ጉብታዎቹን ደልድሏቸዋል። ከእንጨት የተሠሩትን መስቀሎች ምስጥ ጨርሷቸዋል። ቄሱ አዲስ ናቸው። ስሙን ደጋግመው ጠየቁን፤ ደጋግመንም ነገርናቸው። «ከነዚህ መሐል ነው እንግዲህ» አሉ፣ እጃቸውን በሰፊው ዘርግተው።

ኦቦ ዲንሳ በጉብታዎቹ መሐል ይሄዱ ጀመር። አንዱ ጋ ይቆማሉ፤ ጎንበስ ይላሉ፤ ይተዉታል። ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ለሰው ሁሉ ሐዘን ሥርዓት የሚያበጁት ሰው ለገዛ ልጃቸው የሚቆሙበት ቦታ አጡ። ፀሐዩ ከረረ። እኔም ቄሱም ቆመን እናያቸዋለን።

አዴ ወርቄ ድንገት ከአንዲት ቁጥቋጦ አጠገብ ካለ ጉብታ ሥር ቁጭ አሉ። «ይሄ ነው» አሉ። «ኢልማ ኮ፤ ልጄ ይሄ ነው።»

ኦቦ ዲንሳ ከቆሙበት ዞሩ። ወደ ቄሱ አዩ፤ ቄሱ መሬት መሬት ያያሉ። ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው መጥተው ከሚስታቸው ጎን ተንበረከኩ። «ኤዬ» አሉ፤ «አዎ፣ እሱ ነው።» ዓመት ሙሉ ያቆዩትን ያን ቀን አለቀሱት። እኔም አለቀስኩ፤ ቄሱም ፍትሐቱን አደረሱ።

ወደ አውቶቡሱ ስንሄድ ኦቦ ዲንሳ ወደ ኋላ ቀርተው ይዘውኝ፣ መቃብሩ የቱ እንደሆነ እንደማያውቁ ነገሩኝ፤ ምስኪኗ ይሄ ነው ብላ ከቆረጠላት ግን እሳቸው ምን ብለው እንደሚነጥቋት ጠየቁኝ። ለባለቤታቸው እንዳልነግር አስጠነቀቁኝ። ናዝሬት ላይ እሳቸው ውሃ ሊጠጡ ሲወርዱ ደግሞ አዴ ወርቄ እጅጌዬን ሳቡኝ።

«መምህር» አሉኝ፤ «የቱ እንደሆነ እኔም አላወቅሁም። ግን እንደዚያ ሲዞር አንጀቴ አልቻለም። አደራህን እንዳትነግረው።»

ለማንኛቸውም አልነገርኩም። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ሁለቱም ይሄዳሉ። ጉብታው አሁን በድንጋይ ተክቧል፤ በኖራ ተለስኗል፤ የብረት መስቀልም ተተክሎበታል። ከሥሩ ያለው ልጅ ከጎጃም ይምጣ ከወላይታ፣ ስሙ ማን እንደሆነ፣ እናቱም በየትኛው መንገድ ላይ ዓይኗን ተክላ እንደምትጠብቀው አናውቅም። የታደለ ልጅ ግን ነው። ልጃቸው በቀለም ቢሆን ከዚያው አጥር ግቢ አልወጣም፤ ወላጆቹ ሲያለቅሱ ድምፃቸው ይሰማዋል ብዬ አስባለሁ።